ዝምታ መንገድ አይከፍትም

አቃቂ፣ ኅዳር 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩት የሺዋስ፣ ዴልሂ

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እናትሽ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ በአራተኛው መነጽሬን ደብቄ ነው የተገላገልኩት። ሁላችንም ደህና ነን። ቤቱም ደህና ነው። ስለ ቤቱ ለይተሽ የጠየቅሽበት ምክንያት ግን አልገባኝም፤ ሰው ስለ ጤና ይጠይቃል እንጂ ስለ ግድግዳ አይጠይቅም።

አሁን ሥርዓት እንያዝ። ወደ አርባ ዓመት በምድር ባቡር ሠርቻለሁ፤ እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ ሥርዓቴ አልወጣም። ከእንግዲህ የምትጽፊልኝ ሁሉ ቁጥር ይኑረው። አሁን የደረሰኝ 1 ነው፤ ቀጣዩ 2 ይሆናል። እኔ ስመልስ መጀመሪያ «ቁጥር ይህ ደርሶኛል» እላለሁ። መካከል ላይ ቁጥር ከጎደለ መንገድ ላይ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሽዋል፤ ቢሰለችሽም ድገሚው። በሁለት ጣቢያ መካከል ያለው ሐዲድ አንድ ነው። ባቡር ከመልቀቄ በፊት ስልኩን አዙሬ «ቁጥር 14ን ልለቅ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው?» እላለሁ። ወዲያ ያለው ሰው ቁጥሩን ደግሞ «መንገዱ ክፍት ነው» ሲለኝ ሰዓቱን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ባቡሩ የሚነሳው ያኔ ነው። ነጂው ቢሳደብም፣ መንገደኛው ቢያጉረመርምም ከዚያ በፊት አይነሳም።

ደብዳቤሽን እንደተለመደው በሀይረዲን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ላኪ። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ስልጤ ጎረቤታችን ሰላም ብሎሻል። ለስሙ ሣጥኑ የሱ ነው፤ የሚሞላው ግን በእኛ ግቢ ደብዳቤ ነው።

አገር የረጅም ዘመን ግቡን እንዴት እንደሚያሳካ የሚያስተምር፣ «ታላቁ ስልት» የሚባል ትምህርት ጀመርኩ ብለሻል። መሥሪያ ቤትሽ ሁለት ዓመት ሕንድ ያስቀመጠሽ ለዚህ ከሆነ ቁም ነገር ሳይኖረው አይቀርም። ምን እንደሆነ ለጡረተኛ በሚገባ ቋንቋ ጻፊልኝ።

አባትሽ የሺዋስ



ዴልሂ፣ ኅዳር 29 ቀን 1995 ዓ.ም.
ቁጥር 2

የተከበሩ አባባ፣

ቁጥር ሰጥቻለሁ። እንዳይቆጡ ከላይ በቀኝ በኩል ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብለን ነበር። በአንዲት ትንሽ ጣቢያ የጣቢያው ሹም ለባቡር ነጂው የብረት ቀለበት ሲያቀብለው አየሁ። ያን ቀለበት ያልያዘ ነጂ ወደሚቀጥለው ጣቢያ መሄድ አይችልም አሉኝ። ሰውየው ኮፍያው ተንሸራቶ ጆሮው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ልክ እንደ እርስዎ። ጓደኞቼ እጄን ጎትተው እስኪወስዱኝ ቆሜ ቀረሁ።

ትምህርቱን ለጠየቁኝ፤ አስተማሪያችን ሽማግሌ ናቸው። «ጦርነት ማሸነፍ ስልት ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ እንዴት ያለ አገር እንደሚኖረን አስቀድሞ ማወቅ ግን ታላቁ ስልት ነው» ይላሉ። አንድ መንግሥት ወታደሩን፣ እህሉን፣ ገንዘቡን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ወዳጅነቱን ሁሉ በአንድ ልጓም ይዞ ሠላሳ አርባ ዓመት ወደ አንድ ግብ ሲጓዝ ማለት ነው። ግቡ ምንድን ነው? በምን እንደርስበታለን? በእጃችን ያለው ይበቃል? ሦስቱ ካልተመዛዘኑ ጉልበት ያለው አገርም ቢሆን ይወድቃል።

ስለ አገራችሁ ጻፉ ሲሉን ስለ ባሕር በር ጻፍኩ። ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘ ቤት፣ በሩ አንድ ብቻ፣ እሱም በጎረቤት ግቢ በኩል። ስለዚህ ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ፣ ዕቃው የሚያርፍበትን ቦታ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን እህል ዛሬ ማሰብ አለብን፤ ለእኔ ሳይሆን ገና ላልተወለዱት። አባባ፣ ይህን ስጽፍ ልቤ ይሞቃል። ከሐዲድ ዳር የተወለደች ልጅ አገር የሚያክል ነገር ስታስብ ይታይዎት።

ስለ ቤቱ የጠየቅኩት እንዲሁ ነው። ደግሜ ልጠይቅዎትና፤ በግቢው አዲስ ነገር አለ?

ልጅዎ ሩት



አቃቂ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ቁጥር 2 ደርሶኛል።

ትምህርትሽን ወድጄዋለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን እኛ በነፃ ተምረነዋል፤ እናንተን በሁለት ዓመት ያስተምሯችኋል። ቀልዴን ነው። ስለ በሩ የጻፍሽው እውነት ነው። በ1990 የሌላው ወደብ መንገድ ሲዘጋ፣ አሮጌ ነው ተብሎ የተናቀው ሐዲዳችን ስንት እህልና ማዳበሪያ እንደተሸከመ እኔ በመዝገብ ጽፌዋለሁ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ እንደዚያን ሰሞን ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ጎድሎብኛል። ልጓሙን ስለያዘው ሰው ብዙ ነገርሽኝ። የተለጎመውን ማን ጠየቀው?

አዲስ ነገር አለ ወይ ላልሽው፤ አለ። ፈተና ላይ ስለሆንሽ ደብቄሽ ነበር። ጥቅምት 9 ቀን ሁለት ሰዎች ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ይዘው መጡና የባቡር ሠራተኞች ግቢያችንን የአሥራ አራቱን ቤት በር ከ1 እስከ 14 ቆጥረው ጻፉበት። እኛ 9 ነን፤ እማማ አለሚቱ 10። እንደምን አደራችሁ እንኳ አላሉም። እናትሽ ምንድን ነው ብትላቸው «ጥናት ነው» አሏት። ኋላ እንደሰማነው ከወደብ ለሚመጣ ዕቃ ትልቅ ማከማቻ ሊሠራ ነው። እኛ ደግሞ «ወደፊት ወደሚገለጽ ቦታ» እንነሳለን።

እናትሽ ቁጥሩን በጋዝ ፋቀችው። ተመልሰው ጻፉት። እንደገና ፋቀችው። አሁን ቀለሙ አልቆባቸው ይሁን ሰልችቷቸው እንጃ፣ ከመጡ ሁለት ሳምንት ሆናቸው።

እኔ ማከማቻ አልጠላም። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሳሳልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን አልተጠየቅሁም። ይህን የመሰለውን ነገር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያስብ አንድ ሰው መኖር አለበት፤ ስሙ ግን አይታወቅም። አንቺ በዚያ መሥሪያ ቤት ነሽና ታውቂው ይሆናል። ካወቅሽው ስሙን ጻፊልኝ። ቤቱ ሄጄ አንኳኩቼ እንደምን አደርክ እለዋለሁ።

አባትሽ የሺዋስ



ዴልሂ፣ የካቲት 24 ቀን 1995 ዓ.ም.
ቁጥር 4

የተከበሩ አባባ፣

ይህን ለክፍል ጓደኛዬ ለፍቅርተማርያም አስይዤ ነው የላክሁት፤ ለእረፍት አገር ገብቷልና በእጁ ያደርስልዎታል።

ለቁጥር 3 መልስ ስጠብቅ ስድስት ሳምንት አለፈ። ወደ ሀይረዲን ሱቅም ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ስልኩ ይጮኻል፣ የሚያነሳው የለም። የመምሪያ ኃላፊዬ አቶ ቀናው ደግሞ ከየካቲት 15 አንድ ቀን አይታለፍም አሉኝ።

እርስዎን አውቅዎታለሁ። የማይፈልጉት ነገር ቢሆን ኖሮ ዴልሂ ድረስ በተሰማ ነበር። ዝም ሲሉኝ፣ ከብዷቸው ግን ፈቅደውልኝ ነው ብዬ ተረጎምኩት። እናም ዓረፍተ ነገሯን ጻፍኳት፤ ፈርሜም ላክሁ።

አገር የሚያክል ነገር ሲታሰብ አንድ ቦታ ላይ የሚጎዳ ሰው አይጠፋም። የሚጎዳው እንዲካስ በሚገባ ጽፌያለሁ። ተቆጥተው ከሆነ እባክዎ ቁጣዎን ይጻፉልኝ። ከዝምታዎ ይሻለኛል።

ልጅዎ ሩት



አቃቂ፣ መጋቢት 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ቁጥር 4 ደርሶኛል። ቁጥር 3 አልደረሰኝም።

ሀይረዲን ለአረፋ ወራቤ ገብቶ አባቱ ታመውበት እዚያው ቀርቷል። ሱቁ ተዘግቷል፤ የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍም ኪሱ ውስጥ ነው። እንግዲህ ምን እንደጠየቅሽኝ አላውቅም። ፈርመሽ የላክሽው ምን እንደሆነም አላውቅም። የማውቀው ዝም ማለቴን መልስ አድርገሽ መቁጠርሽን ነው። ቁጥር ስጪ ያልኩሽ ለጌጥ መሰለሽ?

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እናትሽም አታውቀውም።

በ1957 ዓ.ም. የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከአዋሽ ወዲያ በረሃ ውስጥ ባለች ትንሽ ጣቢያ መደቡኝ። አንድ ረፋድ የጭነት ባቡር ዘግይቶ ደረሰ። ስልኩን አዞርኩ፤ መልስ የለም። ደግሜ አዞርኩ፤ የለም። ነጂው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይሰድበኛል። እኔም ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል፣ መንገዱ ላይ ነገር ቢኖር ኖሮ ከወዲያ ይነግሩኝ ነበር አልኩ። ባቡሩን ለቀቅሁት።

ከወዲያ የሐዲድ ጠጋኞች ጋሪ እየመጣ ነበር። ጋሪው ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ዘለሉ። ፀሐዩ አልዘለለም። ፀሐዩ የእማማ አለሚቱ ባል ነው።

የመረመረው ሰው የስልክ ብልሽት ብሎ ጻፈ። እኔም ዝም አልኩ። በዓመቱ ወደዚህ ስዛወር ለምኜ አለሚቱን የሐዲድ ማቋረጫ መዝጊያ ጠባቂ አድርጌ አስቀጠርኳት፤ ይኸው ሠላሳ ሰባት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተዋስነን ኖርን። እኔ ባቡሩን እንደለቀቅሁት ታውቃለች፤ ከጋሪው የዘለሉት ነግረዋታል። አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔም ዝምታዋን ይቅርታ ነው ብዬ በላሁት።

የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይላሉ፤ የእኔ ችኮላ የነከሰው ሰው ነው። ስልክ ካልተነሳ ባቡር ይቆማል። ኃላፊሽ ቢቸኩል፣ ነጂው ቢሳደብ፣ ቀኑ ቢያልፍ ይቆማል። ምን እንደጠየቅሽኝ አሁኑኑ ጻፊልኝ።

አባትሽ የሺዋስ



አቃቂ፣ መጋቢት 11 ቀን 1995 ዓ.ም.

ቁጥር 3 ደርሶኛል። ሀይረዲን ትናንት ገባ፤ ሻንጣውን እንኳ ሳያወርድ ሣጥኑን ከፍቶ አመጣልኝ።

«ቦታውን ካርታ ላይ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሐምሌ ላይ፣ ከመሄዴ በፊት» ትይኛለሽ። ስሙን ንገሪኝ ብዬ ጠይቄሽ ነበር፤ ነገርሽኝ። ለካስ እናትሽ በጋዝ ስትፍቀው የከረመችው የልጇን እጅ ጽሑፍ ነው።

በጥናትሽ ግቢያችንን «አገልግሎት የማይሰጥ ግቢ» ብለሽዋል። አንቺ የተወለድሽው እዚያ አገልግሎት የማይሰጥ ግቢ ውስጥ፣ በቤት ቁጥር 9፣ በእማማ አለሚቱ እጅ ነው። ይሁን። «የነዋሪው አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ ስለነበረ፣ «ነዋሪው ተቃውሞ አላቀረበም» ልል ነው፣ አባባ ምን ይላሉ፣ አይሆንም ካሉኝ ግቢውን ከጥናቱ አወጣዋለሁ ብለሽ ጽፈሽልኛል። መጠየቅሽን አከብራለሁ። መልሱን ሳትሰሚ ግን «ነዋሪው ተቃውሞ አላቀረበም» ብለሽ ሞላሽው። ብትሰሚም እኮ እኔ አንድ ቤት ነኝ። አሥራ ሦስቱንስ?

ተቆጥቻለሁ። አፍሬማለሁ፤ በአንቺም በእኔም።

ሽማግሌውን አስተማሪሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አንድ መንግሥት ያለውን ኃይል ሲቆጥር የሰዉን ዝምታ ከኃይሉ ጋር ከደመረው፣ ድምሩ ስንት ይመጣል? ክፉ ቀን መጥቶ ያን ሕዝብ ሲጠራው አቤት ይለዋል? ለአርባ ዓመት የሚያስብ ሰው ለመጠየቅ አርባ ቀን አያጣም።

መጋቢት 27 ቀን ለስብሰባ ጠርተውናል። ያንቺ ወረቀት ይነበብልናል ማለት ነው። ለእናትሽ ገና አልነገርኳትም፤ ምን ብዬ ልንገራት?

የሺዋስ



ዴልሂ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1995 ዓ.ም.
ቁጥር 5

አባባ፣

«አባትሽ» ሳይሉ «የሺዋስ» ብቻ ብለው ፈርመዋል። ደጋግሜ አየሁት።

ይቅርታ እጠይቃለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ካርታ ላይ ግቢያችን ነጭ ነበር፤ ሐዲዱ አለ፣ መንገዱ አለ፣ መካከሉ ባዶ ነው። አለቆቼ ሰፊ ሜዳ፣ ሐዲድም መኪናም የሚገባበት ቦታ ሲሉኝ ጣቴ ሳላስበው እዚያ አረፈ፤ አካባቢውን ስለማውቀው። ቤት እንዳለ እያወቅሁ ነጩን አመንኩት። እናንተን ረስቼ አይደለም። አርባ ዓመት ወደፊት ሳይ፣ አሥራ አራት በር አነሰብኝ። ከመርሳትም የሚከፋው ይህ ነው።

ጥያቄዎን በክፍል ውስጥ አቀረብኩት። አስተማሪዬ መነጽራቸውን አውልቀው «ማነው የጠየቀሽ?» አሉኝ። አባቴ ናቸው፣ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ አልኳቸው። «የወደቁ መንግሥታት ሁሉ የጠላትን ኃይል አሳንሰው ስለገመቱ ብቻ አልወደቁም። የራሳቸውን አብዝተው ስለቆጠሩ የወደቁት ይበዛሉ። ይህን አባትሽ ያውቁታል» አሉ።

ዓረፍተ ነገሯን መልሱልኝ ብዬ ለአቶ ቀናው ጻፍኩላቸው። መልሳቸው ባለ አንድ መስመር ነው፤ «የላክንሽ መልስ ይዘሽ እንድትመጪ ነው እንጂ ጥያቄ ይዘሽ እንድትመጪ አይደለም»። አልተውኩትም። ሁለተኛ ጽሑፍ ጀምሬያለሁ።

አንድ ነገር ግን ልድፈርና ልናገር። ዝምታ መልስ አይደለም ብለው ተቆጡኝ፤ ልክ ነዎት። የእማማ አለሚቱ ዝምታስ? ሠላሳ ሰባት ዓመት ይቅርታ ነው ብለው የበሉት? እኔን እንዳዘዙኝ እርስዎም ሄደው ይጠይቋት።

ስብሰባው እንዴት ሆነ?

ልጅዎ ሩት



አቃቂ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ቁጥር 5 ደርሶኛል።

አባት ልጁን ያስተምራል ሲባል እሰማ ነበር፤ የተገላቢጦሹን ያየሁት አሁን ነው። ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቁጥር 10ን አንኳኳሁ። እማማ አለሚቱ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ቁጭ ሳልል «አለሚቱ፣ ያን ባቡር የለቀቅሁት መልስ ሳላገኝ ነው። ይቅር ብለሽኛል?» አልኳት።

ምስሯን አስቀመጠች። «የሺዋስ፣ ይህን ለመጠየቅ ሠላሳ ሰባት ዓመት ፈጀብህ?» አለችኝ። ከዚያ ቀጠለች። «ይቅር አላልኩህም፤ ዝም ነው ያልኩህ። አሁን ስለጠየቅኸኝ አስብበታለሁ።» ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። እንደዚያን ዕለት ከብዶኝ፣ እንደዚያን ዕለት ቀሎኝ አያውቅም።

ስብሰባውን ባጭሩ ልጻፍልሽ። የመጣው ሰው ወረቀትሽን አነበበ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ማንም አልተነፈሰም። «እንግዲህ ዝም ማለት መስማማት ነው፤ በሙሉ ድምፅ ብለን እንያዘው» አለ። ተነሳሁና «አይደለም» አልኩት። በብብቴ ይዤ የሄድኩት አሮጌ የባቡር መዝገብ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ባዶ ገጾች አሉት። ከላይ «ግቢው ሊለቀቅ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው?» ብዬ ጻፍኩና ለእያንዳንዱ ቤት ሰጠሁ።

አሥራ አንዱ አይደለም ብለው ጻፉ። ሁለቱ ቤት ተሠርቶ በቅድሚያ ከተሰጠን እንለቃለን አሉ። የቤት ቁጥር 4 ሰው አስብበታለሁ አለ። ሁሉንም እንዳለ ያዝነው፤ ውሸት በውሸት አይመለስም። እማማ አለሚቱ በጣቷ ፈረመችና ለሰውየው «እኔ መዝጊያ ስዘጋ የትልቅ ሰው መኪናም ቆሞ ይጠብቅ ነበር» አለችው። ሰዉ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም።

እምቢ ብቻ አላልንም። ከሐዲዱ ማዶ የድሮው የከብት መጫኛ ሜዳ አለ፤ ሐዲድ ይደርሰዋል፣ መኪና ይገባዋል፣ አንድ ነፍስ አይኖርበትም። ማከማቻው እዚያ ይሠራ ብለን በመዝገቡ ላይ አሰፈርን። እናንተ በካርታ ላይ የፈለጋችሁትን፣ ብትጠይቁን ኖሮ ከቁርስ በፊት እንነግራችሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም።

አባትሽ የሺዋስ

(በወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ)

እህቴ ሩት፣ ሀይረዲን ነኝ። አባትሽ ፖስታውን አሽግልኝ ብለው ሲሰጡኝ ጀርባው ባዶ ስለነበረ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ነው። በማግስቱ ስብሰባ በጥብጠዋል ተብለው ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ታሰሩ። አልተመቱም። መዝገቡ ግን እዚያው ቀረ። እንደተፈቱ ከእኔ ሱቅ አዲስ ደብተር ወስደው ሁሉንም እንደገና ጻፉት፤ አሥራ አራቱም ቤት እንደገና ፈረመ። የቤት ቁጥር 4 ሰው በአዲሱ ደብተር «አይደለም» ብሎ ጽፏል፤ ሽማግሌ አስረው እንዴት ላስብበት ብሎ። ደብዳቤሽ በእኔ ሣጥን ውስጥ በመቅረቱ አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አንቺም ይቅር በይኝ። አሁን የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱን አባትሽ አንገታቸው ላይ አስረውታል።



ዴልሂ፣ ግንቦት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.
ቁጥር 6

የተከበሩ አባባ፣

«የሆነው ብዙ አይደለም» ብለው ሁለት ቀን መታሰርዎን ደበቁኝ። ከእንግዲህ የደብዳቤዎን ጀርባ ቀድሜ ነው የማነበው።

ሁለተኛውን ጽሑፍ ላክሁ። ለአቶ ቀናው ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያው ለተበተነላቸው ሰዎች ሁሉ። ለእርስዎም ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «ነዋሪው ተቃውሞ አላቀረበም ብዬ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ነዋሪው አልተጠየቀም ነበር። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።» ከዚያ የከብት መጫኛውን ሜዳ አስቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በር አንድ ብቻ ያለው አገር ከሁሉ በፊት በመንገዱ ዳር የሚኖረውን ሰው ወዳጅ ማድረግ አለበት፤ መንገዱን በክፉ ቀን የሚጠብቅለት እሱ ነው፤ ይህን ሰው በዝምታው የሚቆጥር መንግሥት ያለውን አያውቅም፣ ያለውን የማያውቅ ደግሞ ስለ አርባ ዓመት ማሰብ አይችልም አልኩ። ከትምህርቴ ሁሉ የቀረኝ ይኸው ነው፤ ግማሹ ከእርስዎ ደብዳቤ የተወሰደ ነው።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። ትምህርቱ ተቋርጦብኛል። በአንድ ወር ውስጥ ተመልሼ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ ታዝዣለሁ። አስተማሪዬ እዚህ ቅሪ፣ ሥራ አፈላልግልሻለሁ ብለውኛል። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ስለ እናንተ ያለ እናንተ አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ፤ አሁን ደግሞ ከሩቅ ሆኜ ጀግና መባል አልፈልግም። ፈራሁ፣ ግን አልጸጸተኝም።

አባባ፣ ቁጥር 6ን ልለቅ ነው። መንገዱ ክፍት ነው?

ልጅዎ ሩት

እማማ ታውቃለች?



አቃቂ፣ ግንቦት 30 ቀን 1995 ዓ.ም.

ቁጥር 6 ደርሶኛል።

እናትሽ ታውቃለች፤ ነገርኳት። አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ከአንቺ ጥፋት ይልቅ የእኔ መደበቅ ነው የከነከናት። ባለ ቀይ ቀለሞቹ ሰዎች ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጥተው 9ን እንደገና ጽፈውብናል። ከእንግዲህ አልፍቅም፣ ሩት ትምጣና በገዛ እጇ ትፋቀው ብላለች። ጋዙን ገዝታ በር ሥር አስቀምጣልሻለች።

ስለ ግቢው ያገኘነው መልስ የለም። ሦስት ጊዜ ጻፍንላቸው፤ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እሺ ብለን አንቆጥረውም፣ እምቢም ብለን አንቆጥረውም። አራተኛውን እየጻፍን ነው፤ ቁጥር ሰጥተነዋል። ማታ ማታ በሀይረዲን ሱቅ በር እየተሰበሰብን ያንቺን ጽሑፍ እናነባለን። እማማ አለሚቱ «በዝምታው የሚቆጥር» የሚለው ላይ ስንደርስ ድገሙልኝ ትላለች። የእኔን ጉዳይ ገና እያሰበችበት ነው። ታስብበት፣ ጊዜ አላት። እኔም እጠብቃለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ ከአንድ ቀን በስተቀር ዋሽቼ አላውቅም፤ አንቺንም አልዋሽሽም። መንገዱ ክፍት አይደለም። ፊት ለፊትሽ ኮሚቴ አለ፣ ሥራ ማጣት አለ፣ ሊፈርስ የተጻፈበት ቤት አለ። ባቡር ብትሆኚ አላስነሳሽም ነበር።

ልጄ ነሽ። ነይ።

የምትነሺበትን ቀንና ሰዓት ጻፊልኝ፤ መዝገብ ላይ አሰፍረዋለሁ።

አባትሽ የሺዋስ